በአሸዋ ውስጥ የተካበ ካብ

ሲና ሞታ የተገኘችው በሕፃናት ወንበር ላይ ተደፍታ ነው። ወንበሩ ከሰው ጉልበት አያልፍም፤ ቀይ ስለነበረ ደሙ ከቀለሙ አይለይም። የራስ ቅሏ ከግራ ጆሮዋ በላይ ወደ ውስጥ ገብቷል። የመታት ሰው በአንድ ምት አልረካም፤ ሦስቴ፣ ምናልባትም አራቴ ደጋግሟል። በሩን ነፋስ እንዳይዘጋው የሚደገፍበት ጥቁር ድንጋይ እግሯ ሥር ወድቋል፤ ጸጉሯ ተጣብቆበታል። ደሙ ልጆች ግድግዳው ላይ በሳሏቸው በጎችና ፀሐዮች፣ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛም ላይ ተረጭቷል።

ዋና ኢንስፔክተር የትምወርቅ ከመሐል ሜዳ ተጠርታ ሞላሌ የደረሰችው ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በፖሊስነት ሠርታለች፤ ሬሳ ብርቋ አይደለም። ግን እዚህ፣ በትንንሽ የፕላስቲክ ስኒዎችና በጨርቅ አሻንጉሊቶች መሃል፣ ማየት ከበዳት። የትምወርቅ ደግሞ ሲከብዳት ትቆጣለች እንጂ አታለቅስም። አብረዋት የሠሩ ሁሉ ይህን ያውቃሉ።

«መጀመሪያ እዚህ የገባው ማን ነው?» ብላ አፈጠጠች።

«ዘበኛው፣ ሽመክት» አለች ኮንስታብል መሲ። «ልብሱ በሙሉ ደም ነው። ሰዉ ደግሞ…»

መሲ ሳትጨርስ ከግቢው ጩኸት ተሰማ። የትምወርቅ ስትወጣ ሃያ የሚሆን ሰው ክብ ሠርቶ መሬት ላይ የወደቀ ሰው ይደበድባል። ዱላው ሲያርፍ የሚሰማው ድምፅ ይዘገንናል። «ገዳይ! ልጆቻችንን የምታድን ልጅ ገደለ!» ይላል አንዱ። ሽጉጧን አውጥታ አንዴ ወደ ሰማይ ተኮሰች። ክቡ ተበተነ። ሽመክት ግራ እጁ ከክርኑ በታች ወደማይታጠፍበት ተጣጥፎ፣ አፉ ደም ሞልቶ ተጋድሟል።

«ማን ነው የመታው?»

ሁሉም መሬት መሬት አየ።

«እሺ። ማንም አልመታውም። ዱላው ራሱ ከዛፍ ላይ ወርዶ ነው የደበደበው» አለች የትምወርቅ። «አንሡና ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መንገድ ላይ ቢሞት የሁላችሁም ስም እኔ ጋ አለ።»

አንድም ስም አልያዘችም ነበር። ግን አነሡት።

ክፍሉ ቀድሞ የትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ነበር። ሲና ከደብረ ብርሃን መጥታ በቀለም ያሰማመረችው ከስድስት ወር በፊት ነው። ተኩስ በነበረበት ሰሞን አባት እናታቸው የሞቱባቸው፣ ሌሊት እየጮሁ የሚነሡ፣ ወይም ጭራሽ አፋቸውን የዘጉ ልጆች በየተራ ይመጡላታል። ሥራዋ የጨዋታ ሕክምና ይባላል። ልጁ የፈለገውን ይጫወታል፤ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ታያለች፤ አትጠይቅም፣ አትገሥጽም። የከተማው ሰው መጀመሪያ «ትልቅ ሴት ከልጅ ጋር አፈር ትፈጫለች» እያለ ሳቀባት። ልጆቹ ሌሊት መተኛት ሲጀምሩ ሳቁ ቀረ።

መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ አሸዋ የሞላበት ሰፊ የእንጨት ሣጥን አለ። የትምወርቅ ጎንበስ ብላ አየችው። አሸዋው ውስጥ ጉድጓድ ተቆፍሮ አንድ የጨርቅ አሻንጉሊት ተጋድሟል፤ እስከ ደረቱ ተሸፍኗል። ከላዩ በትንንሽ ድንጋይ የተሠራ ካብ አለ፤ መሃሉ ላይ እንደ ክርን ይታጠፋል፤ እጥፋቱ ላይ አንዲት የፕላስቲክ ዛፍ ቆማለች። ክፍሉ እንዲያ ታምሶ ሣጥኑ ግን የነካው የለም። በስልኳ ፎቶ አነሣችው።

«የመጨረሻዋ ልጅ አርሴማ ናት» አለች መሲ። «ከአራት እስከ አምስት ሰዓት። ሰባት ዓመቷ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ቃል አልተነፈሰችም።»

ልጅቱን የምታሳድጋት ወይዘሮ ጌታነሽ በረንዳው ላይ ቆማለች። ቀጭን፣ ስትናገር የነጠላዋን ጫፍ የምትጠቀልል ሴት ናት።

«ሲና ልጅ እንደወጣ ወዲያው ታፈርሰዋለች» አለች ጌታነሽ። «አሸዋውን ደልድላ፣ መጫወቻውን አንድ በአንድ ወደ ቦታው ትመልሳለች። የልጅ ምስጢር ነው፣ ሌላ ሰው አያየውም ትላለች። አንድ ቀን እንኳ አሳድራው አታውቅም።»

መሲ ዓይኗ በራ። «እንግዲያው የተገደለችው ልጅቱ እንደወጣች ነው፤ አምስት ሰዓት ላይ። ለማፍረስ ጊዜ አላገኘችም።»

የትምወርቅ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። የጤና ጣቢያው ሐኪም ከሞተች ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ይሆናታል ብሎ ከዚያ በላይ ማጥበብ አልቻለም ነበር። ነገሩ ይገጥማል። ሲገጥም ግን የትምወርቅ ደስ አይላትም፤ ቶሎ የሚገጥም ነገር ትጠላለች።

«እርስዎ በአምስት ሰዓት የት ነበሩ?»

«ልጅቱን ይዤ ወደ ቤት እየሄድኩ።»

«ያየዎት ሰው?»

«ማን ያየኛል? የኋላውን መንገድ ነው የሄድኩት። ከዚያ በስድስት ተኩል ቅዳሴ ሄድን፤ ልጅቱን አቆረብኳት።» ዓይኗ እንባ ሞላ። «ልዋሽዎት አልፈልግም። እቀናባት ነበር። ልጅቱ እኔን አትስመኝም፤ ሲናን ግን ስታያት ትሮጣለች። ሦስት ዓመት አጥቤ አብልቼ! ግን እኔ… እኔ በግ ሲታረድ እንኳ አላይም።»

«አሁን ልጅቷ የት ናት?»

«ከባለቤቴ ጋር። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በአውቶቡስ ዓለም ከተማ ይወስዳታል። እህቱ ጋ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ እዚሁ እቀራለሁ። ሁለቱ ብቻ ናቸው።»

ቀጥለው የመጡት መሪጌታ ቴዎፍሎስ ናቸው። ሰባ አልፏቸዋል፤ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው እያነከሱ ወደ በረንዳው ወጡና ማንም ሳይጋብዛቸው ተቀመጡ። እሑድ በዓውደ ምሕረት ላይ «ሕፃን በአሻንጉሊት አይድንም» ብለው ሲናን በስሟ እየጠሩ እንደወረዱባት ከተማው ሁሉ ሰምቷል።

«አዎ፣ ሰድቤያታለሁ» አሉ። «ዛሬም ልሰድባት መጥቼ ነበር። አምስት ሰዓት ላይ በጓሮ በር ገባሁ። ልጅቱ ገና መውጣቷ ነው። ሲና ውሃ አቀረበችልኝ። ልጄ፣ ጾም ነው አልኳት። ‹ይቅርታ አባ፣ ረሳሁት› አለች። ከዚያ በኋላ መሳደቡ አልሆነልኝም። ወጥቼ ሄድኩ፤ ቅዳሴው ላይ ቆሜ ስዘምር ዋልኩ።»

«ሲወጡ በሕይወት ነበረች?»

«ከማን ጋር ውሃ ውሃ እንባባላለን ታዲያ?»

«አሸዋው ላይ ምን ነበር?»

«ዓይኔ ሞራ አለበት፤ የትላንቱን ሰው ከዛሬው አልለይም፤ አሸዋ ትጠይቂኛለሽ?»

የጌታነሽ ባል አቶ አፈወርቅ ሲመጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። የትምህርት ቤቱ ምክትል ርዕሰ መምህር ነው፤ አርባ አምስት ዓመት ይሆነዋል፤ ኮቱ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የተለካ። ይህን ክፍል ደብዳቤ እየጻፈ፣ የቢሮ ደጅ እየጠና፣ ለከተማው ያስከፈተው እሱ ነው። ባልንጀራው ይሥሐቅ በተኩሱ ሰሞን ልጁን ጎረቤት ትቶ ወጥቶ ሲቀር፣ እናት የሌላትን አርሴማን አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ አጥብቶ የጡት ልጁ ያደረጋትም እሱ ነው። ይህን ሲናገር እንባው ዱብ ዱብ አለ። የትምወርቅ የውሸት እንባ ታውቃለች፤ ይሄ የውሸት አልነበረም።

«የይሥሐቅ ሬሳው እንኳ አልተገኘም» አለ። «ጥይት መትቶት ወንዝ ወስዶት ይሆናል ተባለ። አሁን ደግሞ ይቺ! ልጅቱን ከዚህ ከተማ ላርቃት ነው።»

«አምስት ሰዓት ላይ?»

«የመምህራን ስብሰባ እየመራሁ ነበር፤ እስከ ስድስት ተኩል። ሠላሳ መምህር ይጠይቁ። ከዚያ ቢሮዬ ገባሁ። ጾም ነው፤ ምን ምሳ አለና።»

አርሴማ እጇን ለአፈወርቅ ሰጥታ ቆማለች። ጸጉሯ ተጎንጉኖ፣ ጫማዋ ንጹሕ ነው። ወደ ክፍሉ በር አንዴ እንኳ ዞር አላለችም።

ማምሻውን ኮማንደሩ ከመሐል ሜዳ ደወለ። «ልጅቱ እዚያ ነበረች። አሻንጉሊቶቹን ስጧትና ያየችውን ታሳያችሁ፤ ቪዲዮ ይቀረጽ።»

«አይሆንም ጌታዬ።»

«ለምን?»

«ሲናን የገደላት ሰው ምን ፈርቶ እንደሆነ እያሰብኩ ነው። ዕቃ አልተነካም፤ የተቀደደ ልብስ የለም። እዚህ ክፍል ውስጥ ከልጆች ጨዋታ በቀር ምንም የለም። ጨዋታ የፈራ ሰው ልጅቱ አሳየች የተባለ ቀን ቀጥሎ የሚገድለው እሷን ነው። ደግሞም ይህ ክፍል የምርመራ ክፍል አይደለም።»

«ታዲያ ምን ይዘሻል?»

«እስከ ነገ ሁለት ሰዓት ጊዜ አለኝ። አሳዳጊዋን አትውሰድ የምልበት ሕግ የለኝም። ያ አውቶቡስ ከተነሣ አላገኛትም ብዬ እፈራለሁ።»

ስልኩን ዘግታ ሲና ወደተከራየችበት ቤት ሄደች። አከራይዋ እመቤት ለቅሶዋን ገታ አድርጋ አንድ ሰማያዊ ደብተር ሰጠቻት። ሲና የየቀኑን ማስታወሻ የምትጽፈው ማታ እቤቷ ነበር። የትምወርቅ መብራቱ ሥር ቆማ የአርሴማን አሥራ አንድ ሐሙሶች አነበበች።

«ዛሬ አሻንጉሊቱን ቀበረችው። በእጇ አሸዋ እየዘራች ሸፈነችው፤ ከዚያ አወጣችው። ፊቱን አጠበችው። በስኒ ወተት አጠጣችው። ጎጆዋ ውስጥ አስተኛችው።» የሚቀጥለውም ሐሙስ እንዲሁ፤ ከዚያ የሚቀጥለውም። በአንዱ ገጽ ላይ «ማን ነው ብዬ ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ተውኩት» ይላል። ባለፈው ሐሙስ ገጽ ግርጌ ደግሞ፦ «ልጅቱ እየቀበረች ሳለ በመስኮት የሚያየን ሰው ነበር። ቀና ስል ሄደ። መጋረጃ መስፋት አለብኝ።»

የትምወርቅ ደብተሩን በብብቷ ይዛ ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ሣጥኑ ላይ ጎንበስ አለች። ጠረጴዛው በደም ተነክሯል፤ የሣጥኑ ከንፈር ላይ ሳይቀር ደም ደርቋል። ጣቷን አሸዋው ውስጥ አስገብታ ቀስ ብላ ገለበጠችው። ከዚያ መሲን አስከትላ ጤና ጣቢያ ሄደች።

ሽመክት እጁ በእንጨት ታስሮ ተኝቷል። ሁለት የፊት ጥርሱ የለም።

«ጋሽ ሽመክት፣ ይቅርታ። ያነሷት ሊያድኗት ነበር፤ አይደል?»

«ትተነፍሳለች ብዬ ነበር የኔ እመቤት። ከቅዳሴ በስምንት ሰዓት ስመለስ በሩ ወለል ብሎ… ሞቃት ነበረች። አቀፍኳት።» ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ስልኳን ከፍታ የአሸዋውን ፎቶ ሰጠችው። በጎ እጁ ይዞ አቀረበ፣ አራቀ።

«ይሄን ካብ የካበ ሰው ድንጋይ ያውቃል» አለ። «ትልቁን ከሥር አርጎ፣ በየመሃሉ ጠጠር ሸጉጦበታል። የልጅ እጅ አይደለም።»

«በዚህ አካባቢ ካብ የሚክብ ማን ነው?»

«መንዝ ውስጥ ካብ የማይክብ ወንድ አለ እንዴ? ቄሱም መምህሩም ይክባል።»

«እንዲህ እንደ ክርን የሚታጠፍ፣ እጥፋቱ ላይ አንድ ዛፍ ብቻ ያለው?»

ሽመክት ፎቶውን እንደገና አየ። ከዚያ በጎ እጁ በመስኮቱ በኩል ከከተማው ማዶ ወዳለው ተዳፋት ጠቆመ። ፀሐይ እየጠለቀች ነበር፤ አንዲት የኮሶ ዛፍ ለብቻዋ ትታያለች።

የትምወርቅ ወደ መሲ ዞረች። «አሁኑኑ ፍርድ ቤት ፈቃድ ጠይቂ። ሲነጋጋ አካፋ ያላቸው ሁለት ሰዎች ይዘሽ እዚያ ትሄጃለሽ።»

በማግስቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም በጨዋታ ክፍሉ ተሰበሰቡ። ሌላ ወንበር ስላልነበረ ትልልቆቹ ሰዎች በሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደርሶ ተቀመጡ። መሪጌታ እምቢ ብለው መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። ሽመክት እጁን በጨርቅ አንግቷል። ጌታነሽ ነጠላዋን ትጠቀልላለች። አፈወርቅ የጉዞ ቦርሳውን እግሩ ሥር አስቀምጧል። አርሴማ ውጭ በረንዳው ላይ ከሲና አከራይ ከእመቤት ጋር ናት። ከማዶ ተመልሳ የደረሰችው መሲ ጫማዋ ጭቃ ሆኖ በሩን ዘግታ ቆመች፤ ለየትምወርቅም አንዴ ራሷን ነቀነቀችላት።

«አውቶቡሱ ይሄዳል» አለ አፈወርቅ ሰዓቱን እያየ።

«ቶሎ እጨርሳለሁ» አለች የትምወርቅ። «ትላንት ሁላችንም አንድ ነገር አምነን ነበር። ይህ አሸዋ ላይ ያለው የአርሴማ ጨዋታ ነው፤ ሲና ካላፈረሰችው የሞተችው በአምስት ሰዓት ነው ብለን። በአምስት ሰዓት ደግሞ መሪጌታ እዚህ ነበሩ። ጋሽ ሽመክት በር ላይ ብቻቸውን ነበሩ። ወይዘሮ ጌታነሽን መንገድ ላይ ያያቸው የለም። ከአቶ አፈወርቅ በቀር ማናችሁም ምስክር የላችሁም።»

«እውነት ነው» አሉ መሪጌታ።

የትምወርቅ የፕላስቲክ ማንኪያ አነሣችና ከሣጥኑ አንዱ ጥግ አሸዋ ዛቀች። ከላይ ንጹሕና ደረቅ ነው። ከሥር የወጣው ጠቁሮ የረጋ ደም ነበር። ጌታነሽ አፏን ያዘች።

«ሲና ስትመታ ደሙ የፈሰሰው በተደለደለ አሸዋ ላይ ነው። ካቡን፣ ዛፉን፣ አሻንጉሊቱን ግን አንድ ጠብታ አልነካቸውም። ስለዚህ ይህ የተሠራው ሲና ከሞተች በኋላ ነው። አንድ ሰው እሬሳዋ አጠገብ ቆሞ፣ አሸዋ ገልብጦ፣ የልጅ ጨዋታ አስመስሎ ሠራው።»

«ለምን?» አለ ሽመክት።

«አምስት ሰዓት እንድንል። መሪጌታ፣ ሙት ሲቀበር ራሱ ወዴት ይሆናል?»

«ወደ ምዕራብ ነዋ። በትንሣኤ ሲነሣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ እንዲሆን።»

«የዚህም አሻንጉሊት ራስ ወደ ምዕራብ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ይህን አታስብም። ቀብር ላይ አፈር የመለሰ ትልቅ ሰው ግን እጁ ራሱ ያደርገዋል።» ደብተሩን ገለጠች። «ደግሞ አርሴማ አንድም ሐሙስ ቀብራ ትታ አታውቅም። ቀብራ ታወጣዋለች፤ ታጥበዋለች፤ ወተት አጠጥታ ታስተኛዋለች። በድንጋይም ሸፍናው አታውቅም። ይህን የሠራው ሰው ያየው ቀብሩን ብቻ ነው። ባለፈው ሐሙስ በዚህ መስኮት አየ፤ ሲና ቀና ስትል ሸሸ።»

አፈወርቅ የኮቱን ቁልፍ ይዘጋና ይከፍታል።

«አምስት ሰዓትን ተዉት እንግዲህ። ሐኪሙ እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ ሊሆን ይችላል ብሏል። ግቢው ጭር ያለው ከስድስት ተኩል በኋላ ነው፤ ተማሪው ሄዷል፣ ስብሰባው ተበትኗል። ያኔ መሪጌታ ይዘምራሉ። ጋሽ ሽመክት ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ወይዘሮ ጌታነሽ ልጅ ያቆርባሉ፤ ሦስቱንም ደብሩ ሁሉ አይቷቸዋል። ቢሮው ብቻውን የነበረ አንድ ሰው ነው፤ ያ ቢሮ ደግሞ ፊቱ ወደዚህ መስኮት ነው።»

«ኢንስፔክተር፣ ይጠንቀቁ!» አለ አፈወርቅ። ድምፁ ቀጠነ። «ክፍሉን ያስከፈትኩት እኔ ነኝ! ልጅቱን ያመጣኋት እኔ ነኝ!»

«ያመጣሃት አንተ ነህ» አለች የትምወርቅ፤ አክብሮቷን የዚያን ጊዜ ጣለችው። «ታድናለች ብለህ ከልብህ ነው ያመጣሃት፤ ይህን አምናለሁ። ስትቀብር ስታያት ግን ደምህ ቀዘቀዘ። ትላንት መጥተህ ምን ነገረችሽ አልካት። ሲና የልጅ ጨዋታ ለማንም አልናገርም አለችህ። አንተ ደግሞ ሁሉን ታውቃለች ብለህ አሰብክ።»

«ማስረጃ የለሽም!»

«አለኝ፤ አንተው ሰጠኸኝ። ሲና ደብተሯ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ እዚህ የገባ ሰው እጁ አሸዋ ከነካ ሆዱ ያለውን ያወጣል ብላ ጽፋለች። ስለ ልጆች ነው የጻፈችው። አንተ ቸኩለህ የልጅ ጨዋታ ልሥራ አልክና የራስህን ሠራህ። በእሷ ጨዋታ ያላየኸውን ካብ ካብክ። ጠጠር ሸጎጥክበት። ክርን አበጀህለት፤ ክርኑ ላይ ዛፍ ተከልክ። ያ ያንተና የይሥሐቅ ማሳ ወሰን ነው። ዛሬ ሲነጋ አስቆፈርነው።»

መሲ ከበሩ ሆና በቀስታ «አግኝተነዋል» አለች። «የራስ ቅሉ ከጆሮው በላይ ተሰብሯል። የፍየል ቆዳ ቀበቶው ወገቡ ላይ ነው፤ ቆፋሪዎቹ የይሥሐቅ መሆኑን ለይተውታል።»

ጌታነሽ እንደ ተወጋች ጮኸች። አፈወርቅ በዚያው ቅጽበት ተነሣ። የተቀመጠበትን ወንበር እግር ጨብጦ አወናጭፎ የትምወርቅን ግንባር መታት፤ ቅንድቧ ተሰንጥቆ ደም ዓይኗን ሞላው። ጉሮሮዋን ይዞ ከግድግዳው አጋጫት። ሽጉጧን ልታወጣ እጇ አልደርስ አላት። ሽመክት በትከሻው ገፋው፤ አልነቀነቀውም። መሲ ከኋላ ሆና ኮቱን ስትስበው መሪጌታ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው አንሥተው በእጁ አንጓ ላይ አሳረፉበት። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ጉሮሮዋን ለቀቀ፤ ተንበረከከ፤ መሲ ወለሉ ላይ አስተኝታ ካቴና አገባችለት።

«እግዚኦ መሐረነ» አሉ መሪጌታ መቋሚያቸውን እያዩ።

አፈወርቅ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «ሁለት ክንድ። ካቡን ሁለት ክንድ ነው የገፋሁት። ይሥሐቅ መጣ፤ ተሳደብን። ድንጋይ በእጄ ነበር። ከተማው ሲተኮስ ነው፤ በዚያ ሁሉ ሬሳ መሃል አንዱን ማን ይጠይቃል ብዬ…» ቀና አለ። «ልጅቱ ግን አይታኛለች። አይታኝ ነው እንጂ እንዴት ትቀብረዋለች?»

«አላየችህም» አለች የትምወርቅ ደሙን በመዳፏ እየጠረገች። «ያን ቀን ጎረቤት ነበረች። አባቷ ወጥቶ ቀረ፤ ሰው ሞቷል አላት፤ ማንም አልቀበረላትም። ስለዚህ ቀበረችው። ከዚያ ናፈቃትና አወጣችው። ሌላ ምንም የለም።»

«ሲናስ?»

«ምንም አታውቅም ነበር። አልጠየቀቻትም።»

ውጭ የቆሙ ፖሊሶች ገብተው አፈወርቅን አንሥተው በጓሮ በር ይዘውት ወጡ።

የትምወርቅ በረንዳው ላይ ስትወጣ አርሴማ ቦርሳዋን ታቅፋ ቆማለች። ጩኸቱን ሰምታለች፤ ዓይኗ ፈጧል። እመቤት ልጅቱን ይዛ ልትሄድ ስትል የትምወርቅ እጇን አነሣች። ልጅቱ ፊት ተንበረከከች። ልቧ ፈራ፤ ሽጉጥ ሲደገንባት እንኳ እንዲህ አልፈራችም። ግን ይህች ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ ውሸት ሲነገራት ኖራለች።

«አርሴማ» አለች። «አባትሽ ሞተዋል። ትተውሽ አልሄዱም፤ ሰው ገድሏቸው ነው። አፈወርቅ ነው የገደላቸው። ሲናንም የገደላት እሱ ነው። አስረነዋል፤ አይመለስም። አንቺ በመጫወትሽ አይደለም የሞተችው። ስሚኝ፤ በአንቺ አይደለም።»

ልጅቱ አየቻት። ቦርሳዋን ጣለች። ከዚያ ቡጢዋን ጨብጣ የትምወርቅን ፊቷ ላይ፣ የተሰነጠቀው ቅንድቧ ላይ መታቻት። ደሙ እንደገና ወረደ። ደግማ አፏን፣ ደረቷን፣ ትከሻዋን መታች፤ በእግሯም ረገጠቻት። አፏን ከፈተችና ሦስት ዓመት የተዘጋው ድምፅ ወጣ፤ ቃል አልነበረም፤ ጩኸት ብቻ ነበር፤ ገበያው ድረስ ተሰማ፤ ሰዎች ቆመው ዞሩ።

ጌታነሽ እያለቀሰች ሮጣ ልትይዛት እጇን ስትዘረጋ «ተዪያት!» አለች የትምወርቅ። «ማንም እንዳይነካት።»

እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ እንደተንበረከከች ቆየች። አርሴማ እጇ እስኪዝል ድረስ መታቻት።